ቦርበን፣ ራይ እና የእናቴ አረቄ

አስቀድሜ ለቀድሞ ተማሪዎቼ፦ አዎ፣ ቲቸር ስለ ውስኪ ሊጽፍ ነው። ስክሪንሾት ለማንሳት አትቸኩሉ። ከ21 ዓመት በታች ያላችሁ ግን እዚህ ላይ ብንሰነባበት ደስ ይለኛል፤ የእኛም የአሜሪካም ሕግ በዚህች ቁጥር ይስማማሉ።

ባለፈው አምስት መለኪያ ተደርድሮ የሚያሳይ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር ጥያቄው በዝቶብኛል። «ቦርበንና ራይ ምንና ምን ናቸው?»፣ «ከስኮቹ በምን ይለያል?»፣ «ሁሉም ውስኪ አይደለም እንዴ?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልዘርግፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና ነገር ያዙ።

ከትርጉሙ እንጀምር። ውስኪ ማለት ከእህል ተጠንስሶ፣ ተጣርቶ (አረቄ እንደሚወጣው ማለቴ ነው)፣ በእንጨት በርሜል የቆየ መጠጥ ነው። የስኮትላንዱ ብቅል ውስኪ ከገብስ ብቅል ብቻ ይሠራል። የአሜሪካው ቦርበን ግን ዋናው እህሉ በቆሎ ነው፤ ሕጉ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ይሁን ይላል። ራይ ውስኪ ደግሞ ቢያንስ 51 በመቶ ራይ በሚባለው እህል ይሠራል። ራይ ስንዴ የሚመስል፣ ብርድና ደካማ መሬት የሚችል እህል ነው፤ አውሮፓውያን ጥቁር ዳቦ የሚጋግሩበት።

ሕጉ በዚህ አያበቃም። መጠጡ የሚቀመጥበት የኦክ በርሜል አዲስና ውስጡ በእሳት የከሰለ መሆን አለበት። ሲወጣ ከ80 በመቶ አልኮል ማለፍ፣ በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ መብለጥ፣ ጠርሙስ ሲገባ ደግሞ ከ40 በመቶ ማነስ አይችልም። ቦርበን ላይ ከውሃ በቀር ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ ጠብ ማድረግ ክልክል ነው። ብዙዎች ቦርበን ኬንታኪ ብቻ የሚሠራ ይመስላቸዋል። አብዛኛው የሚወጣው ከኬንታኪ መሆኑ እውነት ነው፤ ሕጉ ግን አሜሪካ ውስጥ ይሠራ እንጂ የትኛው ግዛት እንደሆነ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ኮንግረሱ ቦርበንን የአሜሪካ መለያ ምርት ብሎ አውጆለታል። እህል አፍልተው ላወጡት መጠጥ የአገሪቱ ሸንጎ ቁጭ ብሎ ውሳኔ አሳለፈ ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ። የአክስቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ታክሲ ይነዳል። ሁለት ጊዜ ሲመጣ ሲመጣ ያጠራቀመልኝ አምስት ጠርሙስ ነበር፤ በዓል ቢመጣም ልደት ቢመጣም ሳልነካው ቆየሁ። አንድ በአንድ ከጠጣሁት የማወዳደሩ ነገር ቀረ ብዬ ነው። የፋሲካ ሰሞን እሱ ራሱ መጣና ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት አምስቱንም ባንድ ጠረጴዛ ከፈትናቸው።

ጠርሙሶቹ እነዚህ ናቸው፦

ጂም ቢም፣ ነጩ። 40 በመቶ። ሦስት አራተኛ ገደማው በቆሎ፣ 4 ዓመት የቆየ።

ሜከርስ ማርክ። 45 በመቶ። ይሄ ቦርበን ሆኖ ራይ የለበትም፤ በራይ ፋንታ ስንዴ ነው ያገቡበት። 70 በመቶ በቆሎ፣ 16 በመቶ ስንዴ፣ 14 በመቶ የገብስ ብቅል።

ዋይልድ ተርኪ 101። ቁጥሩ «ፕሩፍ» ነው፤ የአሜሪካ ፕሩፍ ለሁለት ሲካፈል በመቶውን ይሰጣል። ስለዚህ 50.5 በመቶ።

ሪተንሃውስ ራይ። 50 በመቶ። 51 በመቶ ራይ፣ 35 በመቶ በቆሎ፣ የቀረው ብቅል። ማለትም የሕጉን አፍንጫ ነክቶ የተመለሰ ራይ።

ቡሌት ራይ። 45 በመቶ። 95 በመቶ ራይ፣ 5 በመቶ ብቅል። ይሄ ደግሞ ራይ ብቻውን ሲናገር።

ቀማሾቹ አራት ነን። እኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ አብሮኝ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር፣ እና ጎረቤታችን ጋሼ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቴ አትጠጣም፤ በሕይወቷ ጠጥታ አታውቅም። ግን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ አለች። መለኪያዎቹ ሥር ከ1 እስከ 5 ቁጥር ለጠፍኩ፤ የቀዳችው እህቴ ስለሆነች የትኛው የቱ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእያንዳንዱ ሩብ መለኪያ ብቻ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብዙ ውሃ።

ለመቅመስ ለምትፈልጉ ሦስት ምክር። አንደኛ፣ አፍንጫችሁን መለኪያው ውስጥ አትክተቱ፤ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አፋችሁን ገርበብ አድርጉና አሽትቱ፤ አልኮሉ ሳያቃጥላችሁ ሽታው ይመጣል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዋ ጉንጭ አትቆጠርም፤ ምላስን ማለማመጃ ናት። ሦስተኛ፣ 50 በመቶ የሆነውን በጥቂት ጠብታ ውሃ ክፈቱት። «ውሃ መጨመር ነውር ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባም ውሃ ተጨምሮበት እንደገባ ንገሩት።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ጂም ቢም ቀለል ያለ ነው፤ የተቆላ ለውዝና የተጠበሰ በቆሎ እሸት ይሸታል፣ ቶሎም ይሄዳል። የፊዚክሱ መምህር «ለሠርግ የሚሆን» አለው። ሜከርስ ማርክ ለስላሳ ነው፤ ማር የተቀባ ትኩስ ዳቦ። ጫፉ ላይ የሚቆነጥጥ ነገር የለውም፤ ስንዴ በራይ ቦታ መግባቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ውስኪ አልወድም ለሚል ሰው መጀመሪያ የምሰጠው እሱን ነው። ዋይልድ ተርኪ ሲገባ ደረት ይሞላል፤ የተቃጠለ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ትንሽ የወይራ ጢስ የመሰለ ነገር። ጋሼ ቀመሱና ዝም አሉ፣ ደግመው ቀመሱና «ይሄ ሰው ነው» አሉ። ሌላ አስተያየት አልሰጡም።

ራዮቹ ላይ ወሬው ተለወጠ። ቡሌቱ ገና ሲሸት ሌላ አገር ነው፤ ናና፣ ድንብላል፣ ምላስ ላይ ቁንዶ በርበሬ። የበቆሎው ጣፋጭነት የለም፤ ደረቅ ነው፣ መጨረሻው ላይ አፍን እንደ ጦስኝ ሻይ ጥርግ ያደርጋል። ሪተንሃውስ ግን መሐል ላይ የቆመ ነው፤ ቅመሙ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ በቆሎው ጣፋጭ አድርጎ ይዞታል። የእኔ ምርጫ እሱ ሆነ። ቅመሙ የበሰለ እንጂ የተነሰነሰ አይመስልም።

የሚያስቀው የአክስቴ ልጅ ነው። «ራይ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ» ብሎ ሲፎክር ነበር፤ ዋይልድ ተርኪውን ራይ ነው፣ ሪተንሃውሱን ቦርበን ነው ብሎ ፈረደ። አልፈረድኩበትም። ዋይልድ ተርኪም ውስጥ ራይ አለ፤ ሪተንሃውስም ውስጥ በቆሎ አለ፤ ሁለቱም 50 በመቶ ግድም ናቸው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም የእህሉ መጠን 51 ላይ ሲደርስ ይቀየራል፤ ምላስ ግን 51 ላይ መስመር አያውቅም። ከአምስቱ የማይሳሳቱት ጫፍና ጫፍ ያሉት ናቸው፦ ስንዴ የገባበት ሜከርስ እና ራይ ብቻ የሆነው ቡሌት። ልዩነቱን መማር የሚፈልግ ሰው በሁለቱ ይጀምር፤ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ይሄን ሁሉ ስናወራ እናቴ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። በኋላ ጂም ቢሙን ሳበች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ሁለት እጇን አፋተገችና አሸተተች። «ይሄ በቆሎ ነው» አለች። ማንም አልነገራትም፤ ስንነጋገር «ቦርበን» «ራይ» ስንል እንጂ የእህሉን ስም አላነሳንም ነበር። ቀጥላ ቡሌቱን እንዲሁ አደረገች። «ይሄ ሌላ እህል አለበት። የማላውቀው ነው። ገብስ ግን አይደለም።»

የአክስቴ ልጅ አፉን ከፈተ። እኔ አልገረመኝም።

የማታውቁ ካላችሁ እወቁት፦ እኔን ያስተማረኝ አረቄ ነው። እናቴ በሳምንት ሁለቴ አረቄ ታወጣ ነበር። ጌሾና ብቅሉን ትጠነስሳለች፣ ደረቆቱን ታስገባለች፣ ድፍድፉ ሲደርስ ማሰሮ ላይ ጥዳ፣ አፉን አሽጋ፣ በሸምበቆው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወዳለው ዕቃ ጠብ ጠብ ታስደርገዋለች። ገብስ ሲወደድ በቆሎ ትቀላቅል ነበር፤ በቆሎውን በሽታ የለየችው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን፣ አፍንጫ የሚሰረስረውን ለይታ ታስቀምጣለች፤ ለጉልበት መታሻ እንጂ ለመጠጥ አትሰጠውም። መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ደካማውን ደግሞ ለሚቀጥለው ትመልሰዋለች። ቴርሞሜትር የላትም፤ ድምፁን ሰምታ ነው እሳቱን የምትቀንሰው።

ኮሌጅ ገብቼ አልኮል 78 ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ፣ ውሃ ከዚያ በላይ እንደሚፈልግ፣ ለይቶ ማውጣት የሚቻለውም በዚሁ ልዩነት እንደሆነ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስል እኔ ያየሁት የእናቴን ማሰሮ ነው። የዲፕሎማ ኬሚስትሪዬን ግማሽ ይዤ ነው የገባሁት ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬም ክፍል ውስጥ ይሄን ርዕስ ሳስተምር ስለ ማሰሮና ስለ ሸምበቆ ነው የማወራው፤ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፣ ሳቃችሁም ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ኬንታኪና ደብረ ብርሃን የት ላይ እንደሚገናኙ እዩ። ያ 5 ወይም 14 በመቶ የገብስ ብቅል ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ብቅል ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የበቆሎውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። እናቴ ብቅል የምታስገባው ለዚሁ ነው። የቦርበን ጠማቂዎች ከማጣሪያው የተረፈውን አተላ ከፊሉን ወደ አዲሱ ጥንስስ ይመልሱታል፤ አሲዱ የማይፈለገውን ባክቴሪያ ይከላከልላቸዋል። የቀረው አተላ ለከብት ይሄዳል። እኛም ሰፈር አተላው ለከብት ነው።

መንገዱ የሚለያየው በርሜሉ ላይ ነው። ከማጣሪያው ሲወጣ ቦርበንም እንደ አረቄ ውሃ የመሰለ ነው። ቀለሙን የሚያገኘው ከከሰለው ኦክ ነው። እንጨቱ ሲቃጠል ውስጡ ያለው ስኳር ይጠበሳል፤ ሊግኒን የሚባለው ሲፈርስ ቫኒላ የሚሸተውን ቫኒሊን ይሰጣል። ኬንታኪ በጋው ይሞቃል፣ ክረምቱ ይበርዳል፤ ሲሞቅ መጠጡ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። በየዓመቱም ከበርሜሉ ጥቂት ጥቂት በንኖ ይሄዳል፤ እነሱ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በርሜሉ ለቦርበን አንዴ ብቻ ስለሚያገለግል፣ ሲወጣ ብዙው ተሽጦ ስኮትላንድ ይሄድና የእነሱን ውስኪ ያስቀምጡበታል።

ይሄን ለእናቴ ሳብራራላት አራት ዓመት የሚለው ላይ አስቆመችኝ።

«አራት ዓመት ያስቀምጡታል?»

«አዎ እማዬ። ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ።»

«እኔ ሐሙስ ያወጣሁትን ቅዳሜ ካልሸጥኩት ምን ትበሉ ነበር?»

ጠረጴዛው ዝም አለ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ይቺን ጥያቄ አውጥቼ አውርጄ ነው ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት። ስለ ጥሩ ውስኪ ስናወራ ስለ ውሃው፣ ስለ እህሉ፣ ስለ በርሜሉ እናወራለን። ትልቁ ግብዓት ግን መጠበቅ መቻል ነው። እህል ገዝቶ፣ አውጥቶ፣ ቆልፎ፣ ከፊሉ እየበነነ አራት ዓመት መቀመጥ የሚችለው ገንዘብ ያለው ነው። የእናቴ እጅ ከማንም እጅ አያንስም። ያልነበራት ቅዳሜን ማሳለፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄንንም የአክስቴ ልጅ ነው ያስጀመረኝ። ታክሲው ላይ ቱሪስት ጭኖ ማውንት ቨርነን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት ድረስ ያደርሳል። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት አረቄ አውጪ እንደነበር ታውቃላችሁ? ስኮትላንዳዊው የእርሻ ሥራ አስኪያጁ ጄምስ አንደርሰን መክሮት በ1797 ጀመረ፤ በ1799 ወደ 11,000 ጋሎን፣ በእኛ ከ40,000 ሊትር በላይ አመረተ። ያመረተው ደግሞ ራይ ነው፦ 60 በመቶ ራይ፣ 35 በመቶ በቆሎ፣ 5 በመቶ የገብስ ብቅል። ያው ሰውዬ ከዚያ በፊት በ1794፣ የውስኪ ግብር አንከፍልም ብለው በምዕራብ ፔንሲልቬንያ ባመፁት ገበሬዎች ላይ ጦር ያዘመተ ነው።

እሳቱን ያነደዱት፣ ድፍድፉን ያማሰሉት ግን ባሪያ የነበሩ ስድስት ሰዎች ናቸው። ሀንሰን፣ ፒተር፣ ናት፣ ዳንኤል፣ ጄምስ እና ቲሞቲ። ስማቸው በርስቱ መዝገብ ውስጥ ተገኝቶ ዛሬ ይነገራል። ቴነሲ ውስጥም ጃክ ዳንኤልን ውስኪ ማውጣት ያስተማረው ኒረስት ግሪን የሚባል፣ በባርነት የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ድርጅቱ ይሄን ታሪክ በአደባባይ ማውራት የጀመረው በ2016 ነው። አሁን ግሪን በስሙ የሚጠራ ውስኪ አለው። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ስምና ማሰሮው ሥር የተንበረከከው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ አገር ግን ቢዘገይም ወደ ኋላ ተመልሶ ስም ሊፈልግ ይችላል።

የእኛዎቹስ? ልጅ ሆኜ «የአረቄ ሻጭዋ ልጅ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አንድ መምህር ክፍል ውስጥ ልብሴ ጢስና ጌሾ ይሸታል ብሎ በር አጠገብ አስቀምጦኛል። ያ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠጣው የማንን እንደነበረ መላው ክፍል ያውቃል። መጠጡን ወደን የሠራችውን መናቅ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ጠጪው «ጨዋታ አዋቂ»፣ አውጪዋ «አረቄ ሻጭ»።

እዚህ ላይ ለምን አረቄን ታሞግሳለህ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እያሞገስኩ አይደለም። አረቄ ያፈረሰውን ቤት ከእኔ በላይ ያየ የለም፤ ግቢያችን ውስጥ ነው ያየሁት። ደሞዙን ተቀብሎ ቤቱ ሳይደርስ የሚጨርስ አባት አውቃለሁ፣ ልጆቹ አብረውኝ ተምረዋል። እናቴ ሦስተኛ መለኪያ የማትሰጣቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሲሰድቧት ዝም ትላለች እንጂ አትቀዳም። እሷ ራሷ ጠብ ያላደረገችው ለምን ይመስላችኋል? ውስኪም ቢሆን በርሜል ስለተቀመጠ ጉበት አያዝንለትም። እኛ የዚያን ቀን በሰው አንድ መለኪያ ከሩብ ነው የጠጣነው፣ ለአምስት ዓይነት፣ ከምሳ እስከ ማታ። ጣዕም ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥም ውስኪ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው የተበከለ ነበር፤ ንጹህ አልኮል ላይ ቀለምና የትንባሆ ጭማቂ ሳይቀር እየጨመሩ የሚሸጡ ነበሩ። በ1897 ሕግ አወጡ፦ የአንድ አውጪ፣ የአንድ ወቅት፣ በመንግሥት ቁልፍ በተዘጋ መጋዘን ቢያንስ 4 ዓመት የቆየ፣ 50 በመቶ የሆነ መጠጥ ማኅተም ይሰጠው አሉ። ሪተንሃውሱ ላይ ያለው ጽሑፍ የዚያ ሕግ ልጅ ነው። ጠጪው የሚጠጣውን አወቀ፣ በትክክል የሚሠራው ከአጭበርባሪው ተለየ። ሕጉ አልኮልን ቅዱስ አላደረገውም፤ መጠኑንና ምንጩን ግን አሳወቀ።

የእናቴ አረቄ ስንት በመቶ ነበር? እሷ አታውቅም፣ ገዢውም አያውቅም። አንዱ ቤት ዳግም የሚለው ሌላው ቤት ተራ ከሚለው ሊያንስ ይችላል። ትንሿ የብርጭቆ ሃይድሮሜትር ይሄን በአንድ ደቂቃ ትለካለች። በየቀበሌው አንድ ብትኖር፣ የሚያወጡት ሴቶች ተደራጅተው ቢመዘገቡ፣ ጠርሙሱ ላይ የእህሉ ዓይነትና በመቶው ቢጻፍ፣ የአውጪዋ ስም ቢጻፍ፣ ከጢሱ የሚገላግል ምድጃ ቢኖራቸው፤ የምለው ይሄንን ነው። በጢስ የዓይኗን ብርሃን ያደከመች ሴት ቢያንስ ስሟ ይጻፍላት።

እናቴ አሁን አታወጣም፤ ጉልበቷና ዓይኗ አይፈቅዱላትም፣ እኛም አንፈቅድላትም። ማሰሮው ግን ጓሮ አለ። ከእናንተ መካከል በአረቄ፣ በጠላ፣ በእንጀራ ሽያጭ የተማራችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ሲቪ ላይ አይጻፍም እንጂ ስንቶቻችን ነን። ከታች ጻፉት። የእናታችሁን ስም ጨምራችሁ ጻፉት፣ ከፈቀዱ።

ቦርበንና ራይ ምን ይለያቸዋል ላላችሁኝ ደግሞ ባጭሩ፦ ቦርበን ያባብላል፣ ራይ ይከራከራል። ሁለቱንም በልክ።

መልካም ሰንበት።